የሎሚው ትል ላይ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጆች። ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የግቢያቸውን ሎሚ ትል እንደጨረሰባቸው ነግረውን፣ መፍትሔው ዛፉን ከላይ እስከ ታች መድኃኒት መርጨት ነው ብለው መክረዋል። ብስጭታቸው ይገባኛል። ውሃ እየተሸከሙ ያሳደጉት ሎሚ ለምለም ቀንበጡ ተበልቶ ሲያገኙት ያናድዳል። ምክራቸውን ግን አልቀበለውም። ያ ትል ምን እንደሆነ ሳይነገር «እርጩት» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። እኔም የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሎሚ አለ፣ ትሉም በየዓመቱ ይመጣል። እኔ ግን ለቅሜ ቤት አስገብቼ አሳድገዋለሁ፣ ክንፍ ሲያወጣ እለቀዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልጻፍላችሁና ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው ትሉ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ቀላ ያለ ቀንድ ያወጣል ብለዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ቢራቢሮ ምልክት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አይቶታል። ትልቅ ነው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መደቡ ጥቁር፣ ላዩ በገረጣ ቢጫ የተነጠበጠበ፣ የኋላ ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ቀይና ሰማያዊ ክብ ያለው። አበባ ላይ ሆኖ እንኳ ክንፉን ማርገብገብ አያቆምም። የሳይንስ ሰዎች ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይሉታል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ይገኛል። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ ላይ ነው። ጤና አዳምም ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ለቡና ስትቀጥፉ ቅጠሉን አገላብጣችሁ እዩት።

ቀንዱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እውነቱን ለመናገር ቀንድም አይደለም። ከጭንቅላቱ ኋላ ተደብቆ የሚቀመጥ፣ ሲነኩት ሹካ ሆኖ የሚወጣ ለስላሳ አካል ነው፤ ወፍና ጉንዳን የሚያርቅበት ኃይለኛ ሽታ አለው። ሰውን አይወጋም፣ አይመርዝም። ሽታው እጅ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ በሳሙና ይለቃል። ሰውነቱም ልሙጥ ነው፣ ጸጉር የለውም። ጸጉራሙን አባ ጨጓሬ ግን ልጆች እንዳይነኩት አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ እሱ ያሳክካል፣ ቆዳ ያሳብጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባማ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። እኔ የማወራው ስለ ልሙጡ የሎሚ ትል ነው።

ሰዉ ትል ባየ ቁጥር መርዝ የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎውን ምን እንዳደረገው ሁላችንም ሰምተናል፣ ዘመድ ገጠር ያለው ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው፣ አርሶ አደሩም ሊከላከለው ግድ ነው። ሆኖም የሎሚው ትል በቆሎ አይበላም፣ ጤፍ አይበላም፣ ጎመን አይበላም። ከሎሚና ከሎሚ ዘመዶች ውጭ አብዛኛውን ቅጠል ብትሰጡት ሳይነካው በረሃብ ይሞታል። ወደ ማሳም ወደ ጓሮ አትክልትም አይዛመትባችሁም። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አይመስለኝም።

ደግሞም የደረሰ የሎሚ ዛፍ በጥቂት ትል አይሞትም። ቅጠሉ ይበላል፣ ዝናብ ሲያገኝ ወይ ሲጠጣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጉዳት አለው ከተባለ ገና በተተከለ ችግኝ ላይ ነው፤ ችግኝ ቅጠሉ ጥቂት ስለሆነ እውነትም ሊራቆት ይችላል። ያኔ መድኃኒቱ እጅ ነው። ጠዋት ወጥቶ ትሉን ከነቅጠሉ መልቀም፣ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ወይም ቤት አስገብቶ ማሳደግ። ሎሚውን በመርዝ ነክራችሁ በማግስቱ ለሻይ ከምትቆርጡ ይህ ይሻላል። በዚያ መርዝ የሚሞተው ትሉ ብቻ አይደለም፣ አበባው ላይ የመጣችው ንብም ነች።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የሙሽራ ቬሎ ስሰፋ የሚተርፈኝ ስስ የመረብ ጨርቅ አለ፣ የትሎቹን ቤት የምሠራው በእሱ ነው። አንድ ካርቶን ጎኑን በሰፊው እቆርጥና መረቡን እሰፋበታለሁ፣ በአንድ በኩል አሮጌ ዚፕ እገጥምለታለሁ። ዚፕ የሌለው በላስቲክ መሸብለል ይችላል። ቁመቱ ቢያንስ ከክንድ እንዳያንስ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ቬሎ ቆራጭ ዘንድ ያልሄደ ሰው ያረጀ ስስ መጋረጃ ወይም ነጠላ ይበቃዋል።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው መረብ ሲባል አጎበር ነው የሚያስበው። የሚታደለው አጎበር ትንኝ የሚገድል ኬሚካል የተነከረ ነው፣ ለዓመታት እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራ ነው። ታጥቦም ቢሆን ኃይሉ ወዲያው አይለቅም። ትል በዚያ ላይ ከተራመደ ይንቀጠቀጣል፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ያስመልሳል፣ ይሞታል። አንዲት ጎረቤቴ የልጆቿን ትሎች በሙሉ እንዲህ አጣች፣ ልጆቹም በሽታ መስሏቸው ነበር። አጎበሩ አልጋ ላይ ይሁን፣ ሥራው የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። የወባ ርጭት በሚደረግበት ሰፈር የምትኖሩም ርጭቱን በፍጹም አትከልክሉ፤ ካርቶኑን ብቻ አስቀድማችሁ ወደማይረጭ ቦታ አውጡት፣ የተረጨ ግድግዳ ላይም አታስጠጉት፣ ኬሚካሉ ግድግዳው ላይ ለወራት ይቆያልና። ቤት ውስጥ ፍሊት መንፋት፣ ለትንኝ የሚጨሰው ጥቅልል፣ እነዚህም ትሉ ባለበት ክፍል አይሆኑም። ዕጣንና የቡና ጭስም ቢርቁለት ጥሩ ነው።

እንቁላሉን ማግኘት የሚፈልግ የለጋውን ቅጠል ጫፍ ይፈልግ። አንድ አንድ እየሆነ ነው የሚቀመጠው፣ የመርፌ ራስ የሚያክል፣ ክብ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ። ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል። ትንሿ ትል እንደወጣች መጀመሪያ የምትበላው የራሷን የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከዚያ ቅጠል ትጀምራለች፣ እያደገች ቆዳዋን ትቀይራለች፣ ከእያንዳንዱ ቅያሪ በፊትም አንድ ቀን ገደማ ምንም ሳትበላ ቁጭ ትላለች። ያኔ ታመመች ብላችሁ እንዳትነቀንቋት። በቆዳ ቅያሪ ላይ ያለችን ትል ከቅጠል ላይ መንቀል ማለት በእግሯ የያዘችውን ሐር መበጠስ ነው፣ ቆዳዋን ስታወልቅ የምትደገፍበት ታጣለች። ቅጠል መቀየር ካለባችሁ የተቀመጠችበትን ቅጠል በመቀስ ቆርጣችሁ ከነቅጠሉ አዲሱ ላይ አስቀምጧት።

ምግቡ ቀላል ነው። የሎሚ ቅርንጫፍ ቆርጦ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሞልቶ መሰካት፣ የጠርሙሱን አፍ ደግሞ በጥጥ ጥርቅም አድርጎ መድፈን። ጥጡ ከሌለ ትሉ ግንዱን ተከትሎ ይወርድና ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ቅጠሉ መድኃኒት ያልነካው መሆን አለበት፣ ከሰው ግቢ የምታመጡ ከሆነ ጠይቁ። ከስር ወረቀት አንጥፉ፣ ኩሱን በየቀኑ አውጡ። እርጥብ ኩስ ተከማችቶ ከዋለ ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው በሽታ ያመጣል። ክዳኑ የጠበቀ ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ውስጥ አታስቀምጧቸው፣ ላቡ ውስጡ ይቀራል። ብዙ ትል በአንድ ካርቶን አታጭቁ። አንዱ ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ ተንጠልጥሎ ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ካገኛችሁት ተላላፊ በሽታ ነው። ወዲያው አውጥታችሁ አቃጥሉት፣ ካርቶኑን ጣሉት፣ ጠርሙሱን በበረኪና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁት። የሐር ትል የሚያረቡ ሰዎችም፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደሚሠራው ያለውን ሥራ ማለቴ ነው፣ አጥብቀው የሚይዙት ንጽሕናን ነው።

ጉንዳን ሌላው ጠላት ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሟቸው። እንሽላሊት፣ ሸረሪት፣ ዶሮ፣ ድመት፣ እነዚህን መረቡ ይይዛቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ያደርሰዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን በተለይ ከዚህ በኋላ ላለው ነው። ልጆች ወዳጆቼ እየመጡ «እትዬ፣ ትላችን ደርሶ ነበር፣ ሞተ» ሲሉኝ፣ ስጠይቃቸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የጠፋው በዚያው ሰዓት ነው። ትሉ መብላት ሲያቆምና ፑፓ ሲሆን፤ ፑፓ ማለቴ ትሉ ቢራቢሮ እስኪሆን ቅርፊት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት ደረጃ ነው።

ምልክቶቹን ላስረዳ። ትሉ ወደ ጣት ቁመት ተጠግቶ ወፍሯል፣ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ከርሟል። አንድ ጠዋት ድንገት ይተዋል። ከሌላው ጊዜ የተለየ፣ ቀጠን ያለ እርጥብ ኩስ ይጥላል፤ ሆዱን ባዶ እያደረገ ነው፣ ተቅማጥ አይደለም። ሰውነቱ ትንሽ ያጥራል፣ መልኩ ይደበዝዛል። ከዚያ መንከራተት ይጀምራል። ከቅጠሉ ይወርዳል፣ የካርቶኑን ጥግ ለጥግ ይዞራል፣ መረቡን ይወጣል ይወርዳል። ዚፑ ክፍት ከሆነ ጥሎ ይሄዳል፣ መጋረጃ ላይ፣ ወንበር ስር፣ የሰው ጫማ ላይ ሳይቀር ታገኙታላችሁ። ዱር ቢሆን ከተበላው ቅጠል ርቆ የሚሄደው ወፍ እንዳያገኘው ነው። ስለዚህ ከመንከራተቱ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ሻካራ ቅርፊት ያላቸው ጭራሮዎች ሰያፍ አድርጋችሁ አቁሙለት። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ እግሩ አይቆነጥጥም፣ ሐሩም በደንብ አይጣበቅም።

የሚወደውን ቦታ ሲያገኝ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። በጅራቱ በኩል ሐር ፈትሎ ትንሽ ምንጣፍ ይሠራል፣ ጅራቱን እዚያ ይተክላል። ቀጥሎ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ክሩን በትከሻው ዙሪያ ያስራል፣ ሴት ወገቧን በመቀነት እንደምትታጠቅ ሆኖ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በዚያ ክር ላይ ይደገፋል። ከዚያ ዝም ይላል። አንድ ቀን ገደማ፣ ብርድ ከሆነም ከዚያ በላይ። ትል የለመደ ዓይን ይህን ሲያይ ሞቷል ይላል፣ ልጅ ከሆነም በእንጨት ይነካዋል። አትንኩት፣ አታስነኩት። ካርቶኑን እንኳ ከቦታው አታንቀሳቅሱ። ቅጠል ለመቀየር እጅ መስደድ ይቁም። ሌሎች ትሎች አብረውት ካሉ እነሱን ወደ ሌላ ካርቶን አዛውሯቸው፣ እየተራመዱ ክሩን ይበጥሱበታልና።

ቆዳው የሚሰነጠቀው ከራሱ ኋላ ነው። ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር ስለሆነ በደንብ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰውነቱ ከታች ወደ ላይ መሞገድ ይጀምራል። ጀርባው ላይ ቆዳው ይወጠርና ይቀደዳል፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚያበራ እርጥብ አረንጓዴ ይታያል። የድሮው ቆዳ ከነጭንቅላቱ ከነእግሩ እየተሰበሰበ ወደ ጅራቱ ይወርዳል፣ ጅራቱ ጋ ሲደርስ ይጠቀለላል፣ ፑፓው እየተጠማዘዘ ያንን ጥቅልል አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ሁሉም በደቂቃዎች ያልቃል። በዚያ ሰዓት የወጣው ነገር ከቅቤ አይጠነክርም፣ ጥፍር ቢነካው ይበሳል፣ የፈሰሰው ደግሞ አይተካም። እስኪጠነክር ሰዓታት ይፈጃል። ቢያንስ እስከ ማግስቱ ማንም እጁን አያስገባ። የአንዱ ፑፓ መልክ አረንጓዴ፣ የሌላው ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ የሰፈረበትን ቦታ እየመሰለ ነው፣ ቡናማው የታመመ አይደለም።

ይህ ለስላሳ ሰዓት የሚጠበቀው ከልጅ እጅ ብቻ አይደለም። ጥቃቅን ተርቦች አሉ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ። አንዳንዶቹ ትሉ አጠገብ ቁጭ ብለው ፑፓ እስኪሆን ይጠብቃሉ፣ ቆዳው ገና ሳይጠነክር ወግተው እንቁላላቸውን ውስጡ ያስቀምጣሉ። ፑፓው ከውጭ ደህና ይመስላል። ቀናት ያልፋሉ፣ ቢራቢሮ ሲጠበቅ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ በርካታ ተርቦች ይወጣሉ። ደግሞ ትሉን ገና ሳያድግ የሚያገኙት ዝንቦች አሉ፣ የእነሱ ልጆች ውስጡን በልተው ይወጣሉ። ለዚህ ነው ትሉ ገና ጥቁርና ነጭ ሳለ፣ ከተቻለም በእንቁላሉ፣ ቤት ይግባ የምለው፤ ለዚህም ነው መረቡ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን የምለው። ተርቦቹን ለመግደል ግን መርዝ አትንፉ። እነሱም ጎመኑን የሚበላውን ትል የሚቀንሱልን ናቸው።

ፑፓው ቢወድቅስ? ክሩ ሊበጠስ ይችላል፣ ካርቶን ሊገለበጥ ይችላል። ወድቆ ካልተሰነጠቀና ካልፈሰሰ ተስፋ አለው። በደንብ እስኪጠነክር እዚያው ተዉት። ከዚያ ከወረቀት ሾጣጣ ጠቅልሉ፣ የበርበሬ ሻጮቹን ጥቅል ዓይነት፣ ፑፓውን ጅራቱን ወደ ታች ራሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ውስጡ አስቀምጡት፣ ራሱ ከሾጣጣው አፍ ትንሽ ብቅ ይበል። ሾጣጣውን ከመረቡ ጎን በመርፌና በክር ያዙት። ሲወጣ የሚቧጥጠውና የሚወጣበት ሻካራ ነገር ከራሱ አጠገብ መኖር አለበት። መሬት ላይ ተኝቶ የሚወጣ ቢራቢሮ ክንፉን የሚያንጠለጥልበት ካላገኘ ተጨማድዶ ይደርቅበታል። የካርቶኑ ቁመት ከክንድ አይነስ ያልኩት ለዚሁ ነው።

በዚህ ጊዜ ካርቶኑን ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታድርጉ፣ ይበስላል። ምድጃ አጠገብም አይሆንም። የክፍሉ አየር በጣም ከደረቀ አልፎ አልፎ መረቡን በእጃችሁ ውሃ እርጭ እርጭ አድርጉት፣ አይጨቅይ ብቻ። ሙቀት ባለበት ወቅት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ ያኔ ይዘገያል። ዘገየ ብላችሁ አትጣሉት። የሞተው ይታወቃል፤ ይጠቁራል፣ ይሟሽሻል፣ ይሸታል፣ ወይም ቀዳዳ አለው። ጠንካራና ከባድ ሆኖ መልኩን ከያዘ ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ ማለት ነው።

መውጫው ሲቃረብ ፑፓው ይጠቁራል፣ በቅርፊቱ በኩል የክንፉ ቢጫ ነጥቦች ይታያሉ። ይህን ጥቁረት ከሞት ጥቁረት የሚለየው ነጥቦቹ መታየታቸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጠዋት ነው። ቅርፊቱን ይገፋል፣ ይወጣል፣ ክንፉ ግን ትንሽ፣ ወፍራምና እርጥብ ነው፣ ሆዱ ተነፍቷል። ይንጠለጠላል፣ ከሆዱ ፈሳሽ ወደ ክንፉ እየገፋ ይዘረጋዋል። በመሀል ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ፈሳሽ ከኋላው ይጥላል። ጎረቤቴ ያለች ትንሽ ልጅ ይህን አይታ «እትዬ፣ ደማ! ደማ!» ብላ እያለቀሰች ጠራችኝ። ደም አይደለም። ፑፓ ሳለ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፣ ወጥቶ መጣሉ የጤና ነው።

ቅርፊቱ ውስጥ ሲታገል አይታችሁ አታግዙት፣ በመቀስ ጫፍ እከፍትለታለሁ አትበሉ። ክንፉ ሲዘረጋም አትንኩት። እስኪደርቅና እስኪጠነክር ሰዓታት ይወስዳል፣ እናንተም ያንን ያህል ጠብቁ። ለዚያ ቀን ምግብ አይፈልግም። ክንፉን መክፈትና መዝጋት ሲጀምር፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ነፋስ ሳይበረታ ግቢ አውጥታችሁ ዚፑን ክፈቱ። ዝናብ ካለ ግን አታውጡት፤ እስከ ማግስቱ ይቆይ፣ አይጎዳም። አበባ ያለበት ግቢ ቢሆን መልካም ነው። አደይ አበባ፣ ግራዋ፣ የወፍ ቆሎ ላይ ያርፋል። የወፍ ቆሎ ግን መጤ ሆኖ ግጦሽ መሬት የሚወር ተክል ስለሆነ ለቢራቢሮ ብላችሁ አትትከሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚወጣቸው ቁጥቋጦዎች ላይ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ያለው፣ ጥንድ ጥቁር ቀጭን ዘንጎች ጀርባው ላይ ያቆመ ትል ታገኙ ይሆናል። እሱ የብርቱካናማው ቢራቢሮ ልጅ ነው። አያያዙ ይለያል። ክር አይታጠቅም፣ ጅራቱን ብቻ ተክሎ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። ስለዚህ የካርቶኑ ጣሪያ ላይ የሚይዘው ሻካራ ጨርቅ ይኑር፣ ከስሩም ባዶ ቦታ። የወተቱ ተክል ደግሞ መርዛማ ነው፣ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ልጆች አይቁረጡት። ከነካችሁት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ልጆች ትምህርት ቤት የቢራቢሮን የዕድገት ደረጃ በሥዕል ይማራሉ፣ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ፣ ቢራቢሮ ብለው ቀስት በቀስት ይሥላሉ። ፈተና ላይም ይመልሱታል። ግቢያቸው ውስጥ ሎሚው ላይ ያለው ትል ያ ሥዕል መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ቤተሰብ ደግሞ እፊታቸው ይረግጠዋል። አንድ ካርቶን፣ የቬሎ ትራፊ፣ የሃይላንድ ጠርሙስና የሎሚ ቅርንጫፍ ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃል፣ ብር አይጠይቅም። የሳይንስ መምህራን ይህን እንዲያስቡበት፣ እናንተም በልጆች ገጻችሁ ላይ አንድ ዓምድ እንድትሰጡት እለምናለሁ። በተለይ ስለ አጎበሩና ፑፓ ሲሆን እጅ ስላለመስደድ አንድ አረፍተ ነገር እንኳ ብታትሙ ብዙ ትል ይተርፋል።

ለጸሐፊው ወንድሜም። መድኃኒቱን ገና ካልረጩ ትሎቹን ከነቅጠላቸው ቆርጠው ቀዳዳ ባለው ካርቶን ያስቀምጡልኝ። እኔ አራዳ ገበያ አካባቢ ነው የምሰፋው፣ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ልጅ ቢልኩ እቀበላለሁ፣ ካልተመቸዎትም ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እለቅምልዎታለሁ። አንዱ መንከራተት ጀምሮ ከሆነ ግን አያንቀሳቅሱት። ያለበት ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ያድርጉበትና ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ
ጎንደር